የሻለቃ ኒሺዋኪ ጎራዴ

ጎራዴው የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ በሩዝ ማብሰያውና በመንደሪን ሳህኑ መካከል ተጋድሞ ነበር። ሺገኖቡ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከመጽሔት የቀደደውን ሥዕል ከሾርባ ጎድጓዳው ጋር አስደግፎ፣ እጀታው ላይ ቀይ የሐር ዘርፍ ሊያስር ይታገላል። ሥዕሉ ላይ ቋጠሮው እንደ ቢራቢሮ ክንፉን ዘርግቷል። የሺገኖቡ ግን ሦስት ጊዜ ታስሮ ሦስቱንም ጊዜ የጫማ ክር ነው የመሰለው። ባለቤቱ ቺዙኮ ከጎኑ ቆማ የእጀታውን ናስ በጥርስ ብሩሽ ትፈትጋለች። ሁለቱም በማለዳው ባቡር ነው ከናጎያ የመጡት። ብሩሹንም የናስ መጥረጊያውንም ይዛ የመጣችው ከቤቷ ነው፤ ቺዙኮ በሰው ቤት የጽዳት ዕቃ አታምንም።

"ሰማያዊውስ ምን ሆነ?" አለ ዮሺሮ፣ የሺገኖቡ ታናሽ ወንድምና የቤቱ ባለቤት፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል። "ባለፈው ሰማያዊ አልነበር የገዙት?"

"ሰማያዊ የመቶ አለቃና የሻምበል ነው። ቀይ የሻለቃ ነው።"

"አባባ ሻለቃ ነበሩ እንዴ?"

"እስቲ እየው" አለ ሺገኖቡ። "ይሄ የተራ ሰው ጎራዴ ይመስልሃል?"

ዮሺሮ አየው። ከዚያ ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

አባታቸው ኩማጂሮ በነሐሴ፣ በዘጠና ዓመታቸው ነው የሞቱት። ቻይና መዝመታቸው ይታወቃል እንጂ በሕይወት ሳሉ ስለዚያ ዘመቻ አንድ ቀን አፋቸውን ከፍተው አያውቁም። በቀብሩ ላይ ሺገኖቡ ባደረገው ንግግር "መቶ አለቃ" አላቸው፤ ቀብር ላይ ማንም ስለማይከራከር አለፈ። ጣሪያውን ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ ከኮርኒሱ በላይ በዘይት ወረቀትና በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ጎራዴ ካወረደ በኋላ፣ በአርባ ዘጠነኛው ቀን መታሰቢያ ላይ ሻምበል ሆኑ። አሁን ደግሞ ቀዩ ዘርፍ ሲመጣ ሻለቃ ሆነዋል። በሕይወት ያለ ወታደር እንዲህ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲሾም ተሰምቶ አይታወቅም።

ሺገኖቡ ክፉ ሰው አይደለም። የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቶ፣ የክፍል ኃላፊ ሆኖ ጡረታ ወጣ። እስከ መጋቢት ድረስ "አለቃ" ሲሉት የነበሩ ሰዎች በሚያዝያ ስልኩን ማንሳት ተዉ። ጠዋት ጠዋት ከረባት ሊያስር ይነሣና መስታወቱ ፊት ሲደርስ ትዝ ይለዋል። በሰፈሩ የሕዝብ አዳራሽ እሁድ ዕለት "የቤታችን ቅርሶች" የሚባል ኤግዚቢሽን አለ። የፎቅ ጎረቤቱ የቅድመ አያቱን የሻይ ማፍያ ሊያቀርብ ነው። ሺገኖቡ ግን መቶ ሃያ ፖስትካርድ አሳትሞ፣ ስልክ ለማያነሱለት ሰዎች ሁሉ ልኳል። ፖስትካርዱ ላይ በትልልቅ ፊደል "የሻለቃ ኒሺዋኪ ኩማጂሮ የጦር ጎራዴ" ይላል። ማዕረጉን ያሳተመው ቀዩ ዘርፍ በጨረታ ከደረሰው ማግስት ነው፤ ዘርፉ አሥራ ስምንት ሺህ የን ፈጅቶበታል።

ጎራዴ ግን እንደ ሻይ ማፍያ አይደለም። ካልተመዘገበ ቤት ውስጥ ማስቀመጡ ራሱ ያስከስሳል። ያገኘው ሰው መጀመሪያ ለፖሊስ ያመለክትና የግኝት ወረቀት ይቀበላል። ከዚያ ጎራዴውን ታቅፎ የክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ መርማሪዎች ያዩታል። ብረቱ በአንጥረኛ እጅ የተቀጠቀጠ ከሆነ የመመዝገቢያ ካርድ ያገኛል። በጦርነቱ ጊዜ በፋብሪካ በጅምላ የተመረተ ከሆነ ቅርስ ሳይሆን መሣሪያ ነው ተብሎ ለፖሊስ ይመለስና ይቆራረጣል። ፖሊስ ጣቢያ የሄደችው የዮሺሮ ሚስት ፉሚዬ ናት። እንደሱ ያለ ሰው ጎራዴ ታቅፎ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ መታየት እንደማይገባው ሺገኖቡ በስልክ አስረድቷት ነበር። እሷ ግን ብትታይ ችግር የለውም።

ፉሚዬ ሽማግሌውን አሥራ አንድ ዓመት አጥባለች። በመታሰቢያው ቀን ንብረት ሲከፋፈል ጎራዴው የበኩር ልጅ ድርሻ ነው ተባለና ለሺገኖቡ ሆነ። ለእሷ የሟቹ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ ተሰጣት፤ "መቼም አሠራሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ" ነበር የሺገኖቡ ቃል። እሷም እጅ ነሥታ ተቀበለች። ብርድ ልብሱን ከሦስት ዓመት በፊት የገዛችው ራሷ ናት።

ጎራዴው ከመገኘቱ ግማሽ ዓመት በፊት ፉሚዬ ስለ እሱ ታውቅ ነበር። የሽማግሌውን እግር በሙቅ ውሃ እያጠበች ሳለ ዓይናቸውን ወደ ኮርኒሱ አንሥተው "እዚያ ላይ ያለው የኔ አይደለም" አሏት። የምክትል መቶ አለቃ ካጂዋራ ነው። ኩማጂሮ የእሱ አገልጋይ ወታደር ነበሩ፤ አልጋውን ያነጥፉለት፣ ጫማውን ይጠርጉለት ነበር። መኮንኑ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ በወባ ሲሞት ጎራዴውን ኡዌዳ ላለችው እናቱ እንዲያደርሱለት አስጨበጣቸው። ኩማጂሮ ሲመለሱ አሜሪካኖቹ ጎራዴ ከየቤቱ እየሰበሰቡ ስለነበር ይዞ ባቡር መሳፈር አልተቻለም። ነገሩ ሲረግብ ልጆች ተወልደው ነበር። ከዚያ ወዲያ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ እያሉ ስድሳ ዓመት አለፈ። ሳይሄዱ በቀሩባቸው ዓመታት ሁሉ በየመከሩ ከአዲሱ ሩዝ አምስት ኪሎ ወደ ኡዌዳ ይልኩ ነበር፤ መጀመሪያ ለእናቲቱ፣ እናቲቱ ስትሞት ለእህቱ ለሳዬ። የፖስታውን ወረቀት የምትሞላው ፉሚዬ ነበረች። የድሮ ወዳጅ ይመስላት ነበር። "አንቺ ውሰጂላቸው" አሏት ሽማግሌው። እግራቸውን አደረቀችና እሺ አለች።

ለባሏ ነግራዋለች። ዮሺሮም "መታሰቢያው ይለፍ፤ ለወንድም ጋሼ እነግረዋለሁ" አላት። መታሰቢያው አለፈ። ዮሺሮ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ለወንድም ጋሼ የነገረው ትልቁ ነገር ባቡሩ የሚነሣበትን ሰዓት ነው።

ጎራዴው ራሱም ነግሯቸው ነበር፣ የሚሰማው ቢያገኝ። ከኮርኒስ ሲወርድ እጀታው ጫፍ ላይ የባለቤቱ ቤተሰብ ዓርማ በብር ተለጥፎበት ነበር፤ ሁለት የተጠላለፉ የጭልፊት ላባዎች። የኒሺዋኪ ቤት ዓርማ ወደ ታች የተንዠረገገ የአበባ ዘለላ መሆኑን የመቃብር ድንጋያቸውን ያየ ሁሉ ያውቃል። ሺገኖቡም ያውቃል። ላባዎቹን አገላብጦ አየና "በጦርነት ጊዜ ምን ያልተሳሳተ ሱቅ አለ" ብሎ በቅቤ ቢላ ፈነቀላቸው። በቦታው አሮጌ የብር አበባ ዘለላ አፈላልጎ በዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ የን ገዛና ለጠፈ። ላባዎቹን የሻይ ሳህን ላይ ትቷቸው ስለነበር ፉሚዬ ስታነሣሣ የሳንቲም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ቋጠሮው በአምስተኛው ሙከራ ቢራቢሮ ሆነ። ሺገኖቡ ክሩን በሙሉ ጉልበቱ አጠበቀና ወደ ኋላ ብሎ አየው። ፉሚዬ ይሄኔ ነው የደፈረችው።

"ወንድም ጋሼ፣ አባባ ስለዚህ ጎራዴ የነገሩኝ ነገር ነበር።"

"መጨረሻ ላይ አባባ ምን ያላሉት ነገር አለ" አለ ሺገኖቡ፣ በደግነት። "እኔን እንኳ፣ 'ፖስተኛው፣ ደብዳቤውን እዚያ አስቀምጠው' ብለውኛል።"

ቺዙኮ ሳቀች። ዮሺሮ ጋዜጣውን ገለጠ። ፉሚዬ አሥራ አንድ ዓመት ስታጥባቸው፣ ሺገኖቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር የሚመጣው። ፖስተኛው ከእሱ ይልቅ አዘውትሮ ይመጣ እንደነበረ ልትነግረው አሰበችና ተወችው።

"ውስጡስ?" አለች ቺዙኮ። "እጀታው ሲወልቅ የሚታየው የብረቱ ጭራ ዝገት ብቻ ነው አሉ። ቆሻሻ ዕቃ ይዤ መንግሥት መሥሪያ ቤት አልገባም።" ከቦርሳዋ የብረት ሱፍ አወጣች። "ይሄ ሚስማር መሳይ እንጨት ከወጣ ይወልቃል። ፉሚዬ፣ መዶሻ የለሽም?"

"የለንም፣ እትዬ።"

መዶሻው ፉሚዬ ከተደገፈችው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ስለ ጎራዴ ብዙ አታውቅም፤ ግን ሽማግሌው "ጭራውን እንዳይነኩት፣ ዕድሜው እዚያ ነው" ያሏት ትዝ አላት። ደግሞም በሃያ ሰባት የትዳር ዓመቷ ለቺዙኮ ስትዋሽ ይሄ የመጀመሪያዋ መሆኑ ገረማት። ቀላል ነበር።

በዮሺሮ ትንሽ መኪና አራቱም ተጣበው ሄዱ። ጎራዴው ስለረዘመ ከኋላ መቀመጫ ተነሥቶ በሁለቱ ወንድማማቾች ትከሻ መካከል እስከ መሪው ደረሰ። አሮጌውን ብርድ ልብስ ያለበሱት ሰው እንዳያየው ብለው ነው፤ ከብርድ ልብሱ ጫፍ ግን ቀዩ ዘርፍ ይወዛወዝ ነበር፣ ሺገኖቡ እንዳይጨማደድ ብሎ ውጭ ስላስቀረው። "በየመብራቱ ስንቆም ዘርፉን ወደ ግራ እንዳትጠመዝዘው፣ ወንድሜ" ይላል ሺገኖቡ በየመሐሉ። ፉሚዬ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የሴኪን ተራሮች በመስኮት ታያለች። ቦርሳዋ ውስጥ ከቀብሩ ሳምንት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ የቀየረችው፣ ለካጂዋራ ሳዬ የሚሄድ ደብዳቤ አለ። ዛሬ መርማሪው ፋብሪካ ነው ካለ ጎራዴው ይቆረጣል፤ ደብዳቤውም ከይቅርታ በቀር የሚናገረው አይኖርም። አይደለም ካለ ደግሞ ጎራዴው ዛሬውኑ በናጎያ ባቡር ይሄዳል፤ አንዴ መስታወት ሣጥን ውስጥ ከገባ ደግሞ ማንም አያወጣውም። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትፈራ እየመዘነች ደረሱ።

የመጠበቂያው ክፍል ከጥርስ ሐኪም ቤት የሚለየው ሰዎች የታቀፉት ነገር ስለሚረዝም ብቻ ነው። ሁለት የጎልፍ ቦርሳ፣ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ማኅደር፣ በመጋረጃ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ። ሁሉም ጎራዴ ናቸው፤ ሁሉም ከሟች አባት ወይም አጎት ቁም ሣጥን የወጡ ናቸው፤ ሁሉም ባለቤቶች እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ ወለሉን ያያሉ። የእነሺገኖቡ ተራ ቁጥር ሰባት ነበር። ሺገኖቡ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገ። የጎልፍ ቦርሳ ያለው ሰውዬ ዘርፉን አየና "ሻለቃ ናቸው?" አለ። ሺገኖቡ "አዎ፣ አባቴ" ብሎ አንገቱን ሰበር አደረገ። ከመጋቢት ወዲህ ፊቱ እንዲህ ሲበራ አልታየም፤ ፉሚዬ እንኳ ለቅጽበት አዘነችለት።

መጋረጃ የታቀፉት አሮጊት ቁጥር ስድስት ነበሩ። በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። መርማሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሽማግሌ፣ ሌላው ጎልማሳ። የአሮጊቷን ጎራዴ እጀታ አወለቁና ብዙም አልቆዩ።

"እናቴ፣ ይሄ የፋብሪካ ማኅተም ነው። የወንድምዎ ነበር?"

"የታላቄ። አልተመለሰም።"

"ልንመዘግበው አንችልም። ፖሊስ ጣቢያ ይመልሱትና እነሱ ያስወግዱታል።"

አሮጊቷ አሰቡ። "ለሣር ባደርገውስ? ጓሮዬ ሣር በዝቷል።"

"ለሣርም አይቻልም።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ያቀፍኩት ምኑን ነው?" አሉ፣ እንደመጠየቅ ሳይሆን ለራሳቸው። ከወጡ በኋላ ፉሚዬ አጠገብ ተቀምጠው መጋረጃውን እንደገና ጠቀለሉ፤ እጥፉን እያስተካከሉ፣ ሕፃን እንደሚያለብሱ። ፉሚዬ ዳሩን ይዛላቸው አብራቸው ጠቀለለች።

"ወይዘሮ ኒሺዋኪ ፉሚዬ" ተባለ። ሺገኖቡ ተነሣ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ዳግም አየችና "ወይዘሮ" አለች፤ ሁለቱም ገቡ።

ሺገኖቡ ጎራዴውን በሁለት እጁ ሲያቀርብ እጅ ነሣ። "የአባቴ ነው። ሻለቃ ነበሩ።"

"እንዲያ ነው" አሉ ባለ ጓንቱ፣ ምንም በማይል ድምፅ። ትንሽ የናስ መዶሻ አንሥተው የእንጨት ሚስማሯን ሁለቴ መቱ፤ ወጣች። እጀታውን በቡጢ ጠርዝ አንኳኩ፤ ወለቀ። እጀታውን ከነቀይ ዘርፉና ከነአበባ ዘለላው፣ ሰገባውንም ጨምረው፣ ጠረጴዛው ሥር ባለ የገበያ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጡ። ቅርጫቱ የላስቲክ ነው፤ ከታች የሌላ ሰው ጃንጥላ ነበረበት።

"ዘርፉ የዘመኑ ነው" አለ ሺገኖቡ። "ኦሪጅናል።"

"ያምራል። ግን እሱን አናየውም።"

"ዓርማውስ? የቤታችን ዓርማ ነው። ሰገባው ላይ ያለው ቆዳም…"

"ጌታዬ፣ እዚህ የምናየው ብረት ብቻ ነው" አሉ ሽማግሌው፣ ይህን በቀን አርባ ጊዜ እንደሚል ሰው። "ልብሱን ማንም ይቀይረዋል።"

ራቁቱን የቀረውን ስለት ወደ መብራቱ አነሡት። የሚሰማው የኮሪደሩ የመጠጥ ማሽን ብቻ ነው። ጎልማሳው ርዝመቱን በማስመሪያ ለካ፤ ሽማግሌው በጫፉ በኩል አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ፤ ከዚያ ጭራውን ገለበጡት። እስከ ታች ጥቁር ቡናማ ዝገት ነው፤ የቺዙኮ የብረት ሱፍ አልነካውም። በጓንታቸው ዳሰስ አደረጉትና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።

"እንኳን አላጸዳችሁት። እጀታውን ያላወለቀው ማነው?"

"መዶሻ አልነበረንም" አለች ፉሚዬ።

"ጥሩ አደረጋችሁ። ስም የለውም። ከኋላ ተቆርጦ አጥሯል። አራት መቶ ዓመት ያልፈዋል፣ የዚሁ የሴኪ አንጥረኞች ብረት ነው። ትልቅ ጎራዴ አይደለም፤ እውነተኛ ጎራዴ ነው። ቤታቸው የነበረውን አሮጌ ጎራዴ የመኮንን ልብስ አልብሰው ለልጃቸው ሰጥተውት ይሆናል። እንዲህ ያደርጉ ነበር፣ የወደዱት ልጅ ሲሆን።"

ሺገኖቡ ለሁለተኛ ጊዜ እጅ ነሣ፤ በእሱ ሐሳብ የተወደደው ልጅ አባቱ ነበሩና። ፉሚዬ ግን ኡዌዳ ውስጥ አንዲት እናት ይህን ብረት ከቁም ሣጥን ስታወጣ ታያት። የኒሺዋኪ አያት የሰው መሬት አራሽ ነበሩ። ቤታቸው የነበረው አሮጌ ብረት ማጭድ ነው።

ጸሐፊዋ ቅጹን አመጣች። "ባለቤት የሚለው ላይ የግኝት ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ይሞላል።"

"ባለቤቱ እኔ ነኝ" አለ ሺገኖቡ። "የበኩር ልጅ።"

"እንዲያ ከሆነ የወራሾቹ ሁሉ ስምምነት ከነማኅተማቸው ያስፈልጋል። ይዘው በሚቀጥለው ምርመራ ይምጡ፤ ከሁለት ወር በኋላ ነው።"

"እሁድ ኤግዚቢሽን አለብኝ።"

ጸሐፊዋ በትሕትና እጅ ነሣች። ሺገኖቡ መቶ ሃያ ፖስትካርዱን አሰበ፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። "እንግዲህ ለጊዜው በእሷ ስም ጻፉት" አለ፣ እጁን እያወዛወዘ። "ወረቀት ነው። ቆይተን እናዞረዋለን።"

ፉሚዬ ብዕሩን ተቀበለች። በዚህች አገር ስሟ ባለቤት ከሚል ቃል ጎን ተጽፎ አያውቅም፤ ቤቱ የዮሺሮ ነው፣ መኪናው የዮሺሮ ነው፣ ብርድ ልብሱ እንኳ የሟቹ ነበር። ኒሺዋኪ ፉሚዬ ብላ ቀስ ብላ ጻፈች፤ ማኅተሟንም አሳረፈች።

ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎራዴው እንደገና ለብሶ፣ ካርዱ በክር ታስሮበት ተጋደመ። ቺዙኮ የመርማሪዎቹን የጣት አሻራ ከናሱ ላይ በመሐረብ ትጠርጋለች። ሺገኖቡ አራት መቶ ዓመት የሚለውን ፖስትካርዱ ላይ ባለማሳተሙ እየተቆጨ ነበር። ፉሚዬ የሳንቲም ቦርሳዋን ከፈተችና ሁለቱን የብር ላባዎች ወንበሩ ላይ፣ ከቀዩ ዘርፍ ጎን አስቀመጠች።

"ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ጎራዴ የምክትል መቶ አለቃ ካጂዋራ ነው። አባባ ለእናቱ እንዲያደርሱ ነበር የተሰጣቸው። አገልጋዩ ነበሩ። እኔን አድርሺልኝ ብለውኛል።"

"ማነው ካጂዋራ?"

"በየዓመቱ ሩዝ የምንልክላቸው።"

ቺዙኮ መጥረጓን አቆመች። ሺገኖቡ ላባዎቹን ሳይነካቸው አያቸው። "አገልጋይ" አለ። ቃሉን አጣጣመው። "አንድ ሽማግሌ በሕልሙ መሐል በተናገረው ነው አባቴን አገልጋይ የምታደርጊው?"

እዚህ ላይ ነው፣ ማንም ባልጠበቀው ሰዓት፣ ዮሺሮ የተናገረው። ዓይኑ የመጠጥ ማሽኑ ላይ ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ አባባ ጠዋት ጠዋት የሁላችንን ጫማ ይጠርጉ አልነበር?"

"የመኮንን ሥርዓት ነዋ።"

"የራሳቸውን አስቀድመው የጠረጉበት ቀን ትዝ ይልዎታል?"

ሺገኖቡ አፉን ከፈተ። የትምህርት ቤት ጫማው ትዝ ብሎት ይሆናል፤ በር ላይ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ፣ ሁልጊዜ የሚያበራው። የሠፈሩ ልጆች ሁሉ የአባታቸውን የጦር ሜዳ ታሪክ ሲያወሩ እሱ የሚያወራው አጥቶ ዝም ይል የነበረበት ጊዜም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የጎልፍ ቦርሳው ሰውዬ ፈገግ ብሎ ካርዱን ይዞ አለፈ።

"እሺ" አለ ሺገኖቡ በመጨረሻ። ድምፁ የዱሮ የክፍል ኃላፊ ድምፅ ነበር፤ ምክንያታዊ፣ ሁሉን የሚያስማማ። "አልሰጥም አላልኩም። ከእሁድ በኋላ እንነጋገርበታለን። በሚቀጥለው ሳምንት።"

ፉሚዬ የሞቀ ውሃ ሽታ የሸተታት መሰላት። እነዚያን የቀጠኑ እግሮች እጇ ላይ አየቻቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ያለው ልጁ ነው፤ ቃሉ ግን የአባቱ ነው። እሁድ ያልፋል፤ ከዚያ የአዲስ ዓመት ዝግጅት ይመጣል፤ ከዚያ አንድ ሰው ይታመማል። ኡዌዳ ያለችው ሳዬ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው።

"አይሆንም፣ ወንድም ጋሼ" አለች። "ዛሬ ነው የምልከው። በኔ ስም ነው።"

ዮሺሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን አያት። ቺዙኮ መሐረቡን አጥፋ "ፖስትካርዱስ?" አለች። "መቶ ሃያ ሰው ምን እንበል?" ሺገኖቡ ፊቱ ቀላ፤ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ተመለከተ፤ መጮኽ የሚቻልበት ቦታ አልነበረም።

"ዘርፉ የኔ ነው" አለ።

"የእርስዎ ነው።"

"አበባውም።"

"አበባውም።"

እዚያው መፍታት ጀመረ። ጠዋት በሙሉ ጉልበቱ ያጠበቀው ቋጠሮ ግን አልላቀቅ አለ። በጥፍሩ ሞከረ፣ በቁልፍ ጫፍ ሞከረ፤ መነጽሩ ላብ ያዘው። ፉሚዬ አጠገቡ ተቀምጣ ቋጠሮውን በሌላ በኩል ያዘች። ሁለቱ ራሳቸውን አገናኝተው፣ እሷ ስትገፋ እሱ ሲስብ፣ ብዙ ቆዩ። "የዚህችኛዋን ጫፍ ልቀቃት፣ በኔ በኩል ናት" ትለዋለች፤ አንተ እንዳለችው እሷም አላስተዋለች፣ እሱም አላረማትም። ክሩ ሲፈታ የአበባው ዘለላ ደግሞ በጥፍር ተነካና ብድግ አለ፤ ማጣበቂያው ርካሽ ነበር። ሺገኖቡ ሁለቱን በለስላሳ ወረቀት ጠቅልሎ ኮት ኪሱ ከተታቸው። ሻለቃው የያዘው ቦታ ከአንድ ሲጋራ ፓኮ አይበልጥም።

ቺዙኮ እጀታውን ተቀብላ ዘርፉ የነበረበትን ቦታ ጠረገች። "የሰው ዕቃ ቆሽሾ አይመለስም" አለች፣ ማንንም ሳታይ። የጥርስ ብሩሹንም ከቦርሳዋ አወጣች።

እነሺገኖቡን ባቡር ጣቢያ ካደረሱ በኋላ ፉሚዬ የሰፈራቸው ፖስታ ቤት ገባች። ዮሺሮ ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ይጠብቃል። ጎራዴው በካርቶን ተጠቅልሎ፣ ላባዎቹ በፖስታ፣ ፖስታው ከደብዳቤዋ ጋር ታስሯል። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ፉሚዬን ከሩዙ ታውቃታለች።

"ኡዌዳ? ዘንድሮ ዘገየ፣ ሩዙ።"

"ዘንድሮ ሩዝ አይደለም" አለች ፉሚዬ። የመመዝገቢያ ካርዱን አሳየቻት።

ልጅቷ ካርዱን አየች፤ ካርቶኑን አየች፤ እጇን ከካርቶኑ ላይ ቀስ ብላ አነሣች። ከዚያ እንደተማረችው ቅጹን አዞረችላት። ላኪ በሚለው ላይ ፉሚዬ ብዕሯን ትንሽ አቆመችና "ኒሺዋኪ ኩማጂሮ" ብላ ጻፈች። ከስሙ በፊት ምንም አልጨመረችም።

"መቼ እንዲደርስ ይፈልጋሉ?" አለች ልጅቷ። ቀኖቹ የተደረደሩበትን ሠንጠረዥ በጣቷ እያሳየች ነው። "ነገ ጠዋት አለ፣ ነገ ከሰዓት አለ። ተቀባይዋ ቤት የማይኖሩ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት የተመቸዎትን ቀን…"

"ነገ ጠዋት" አለች ፉሚዬ።